ሚኒቴልን የሚያውቅ አለ? ለየቤቱ ተርሚናል በነጻ ያደለው ስልክ ቤት

የጮቄ_ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

እዚህ በየሳምንቱ አንድ ሰው ለገበሬ የሚሆን አፕ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። የጤፍ ዋጋ የሚያሳይ፣ ማዳበሪያ የሚያዝበት፣ በግ የሚሸጥበት። ክርክሩ ሁሌ አፑ ምን ይምሰል በሚለው ያልቃል። ዛሬ ከዚያ ወጣ ብለን ስለ ሚኒቴል እናውራ።

ለማታውቁት፦ ሚኒቴል የፈረንሳይ ስልክ መሥሪያ ቤት የዘረጋው አገልግሎት ነው። ትንሽ እስክሪንና ኪቦርድ ያላት ሳጥን ከቤት ስልክ መስመር ጋር ትያያዛለች። በ1980 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሰን ማሎ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተሞከረ። በ1982 አገር አቀፍ ሆነ። ያኔ ዌብ የሚባል ነገር አልነበረም። የዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን ያቀረበው በ1989 ነው። ፈረንሳዮቹ ግን ቤታቸው ቁጭ ብለው የባቡር ትኬት ይቆርጣሉ፣ የባንክ ሒሳባቸውን ያያሉ፣ ልብስ ያዝዛሉ፣ የፈተና ውጤት ይመለከታሉ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እስከ ሌሊት ቻት ያደርጋሉ።

በደራበት ጊዜ 9 ሚሊዮን ያህል ተርሚናል ነበር። ተጠቃሚው 25 ሚሊዮን ይገመታል። አገልግሎቱ ደግሞ ከ20 ሺህ በላይ። የተዘጋው ጁን 30 ቀን 2012 ነው። ሠላሳ ዓመት ኖረ ማለት ነው። ፌስቡክ ራሱ ገና እዚያ አልደረሰም።

የኔ ነጥብ ይሄ ነው። ሚኒቴል ከዘመኑ የቀደመው በማሽኑ አይደለም። እንግሊዞች ፕሬስቴል የሚባል አገልግሎት በ1979 ጀምረው ነበር። ግን ሰዉን ለዚሁ የተሠራ ቴሌቪዥን ወይም ተጨማሪ ዕቃ ግዛ አሉት። ማን ይግዛ? መቶ ሺህ ደንበኛ ሳይሞላ ቀረ። ፈረንሳዮቹ ሳጥኗን በነጻ አደሉ። ስሌታቸው ወፍራሙን የስልክ ማውጫ መጽሐፍ በየዓመቱ ከማተም እንገላገላለን የሚል ነበር።

ከዚህም በላይ ግን አከፋፈሉ ነው የሚገርመኝ። በ1984 "ኪዮስክ" የሚባል አሠራር አመጡ። ምዝገባ የለም። ካርድ የለም። 3615 ትደውላለህ፣ የአገልግሎቱን ስም ትጽፋለህ፣ ትገባለህ። የቆየህበት ደቂቃ በስልክ ሒሳብህ ላይ ተደምሮ ይመጣል፤ ልክ እንደ ሰፈር ሱቅ ዱቤ። ስልክ ቤቱ ይሰበስብና የራሱን ቆርጦ የቀረውን ለአገልግሎቱ ባለቤት ይከፍላል። ባለቤቱ ትልቅ ድርጅት ይሁን፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ጎረምሳ፣ ገንዘቡ ይደርሰዋል።

የኛዎቹ አፖች የሚሞቱት እዚህ ላይ አይደለም ወይ? አንደኛ ስማርት ስልክ ግዛ። ሁለተኛ ዳታ ሙላ። ሦስተኛ ተመዝገብ። ገበሬው ዋጋውን ሳያይ ገበያው ተበተነ።

ዓባይ_በረሃ (ደጀን)

ነጻ የሚባል ነገር አለ እንዴ ወንድሜ? ሳጥኗን የገዛው መንግሥት ነው። መንግሥት ማለት ደግሞ ግብር ከፋዩ ነው። እንደዚያ ከሆነ እኔም አገር ቢሰጠኝ ሁሉን በነጻ አድል ነበር። ያውም ሀብታም አገር ላይ ሆኖ!

የጮቄ_ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ልክ ነህ፣ ገንዘቡ የመንግሥት ነው። ወጪው ተመልሷል አልተመለሰም በሚለው ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ዛሬም ይከራከራሉ። ግን ሀብታም ስለሆኑ ነው አትበል። በስልክ እኮ ከአውሮፓ ጭራ ነበሩ! በ1960ዎቹ "ግማሹ ፈረንሳይ ስልክ እስኪገባለት ይጠብቃል፣ ግማሹ ደግሞ መስመሩ ድምጽ እስኪሰጠው ይጠብቃል" እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። በ1970ዎቹ በዤራር ቴሪ የሚመራው የቴሌኮም ዳይሬክቶሬት በብዙ ገንዘብ መስመር ዘረጋ። በ1978 ኖራና ማንክ የሚባሉ ሁለት ባለሥልጣናት ስለ ኮምፒውተርና ኅብረተሰብ ለፕሬዚዳንቱ ያቀረቡት ሪፖርትም አለ። አሜሪካኖቹ መረጃውን ሁሉ ሳይቆጣጠሩት እንቅደም የሚል መንፈስ ነበረው። መስመሩ ሲዘረጋ ታዲያ በምን እንሙላው የሚል ጥያቄ መጣ። ሚኒቴል የዚያ መልስ ነው።

ጋሼ_ማዞሪያ (ባሕር ዳር)

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን እጄን በላኝ።

ጡረታ የወጣሁ የስልክ ቴክኒሻን ነኝ። ለሥልጠና ሊዮን በተላክሁ ጊዜ ያረፍሁባቸው ሰዎች ቤት ሚኒቴል ነበረች። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስልኩን ታነሳለህ። ለማውጫው 11 ትደውላለህ፤ በኋላ 3611 ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ማዶ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ኮኔክሲዮን የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ እጀታውን ታስቀምጣለህ። እስክሪኑ ጥግ ላይ የነበረው ኤፍ ፊደል ወደ ሲ ይቀየራል። ተገናኘህ ማለት ነው። ገጹ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይሳላል። ስም ትጽፋለህ፣ ከተማ ትጽፋለህ፣ አንቯ የሚለውን ትጫናለህ። መላኪያው ነው። የሚቀጥለውን ገጽ ለማየት ስዊት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ነጻ ነበሩ። ባልቴቷ የቤቱ እመቤት ሰዓቷን እያየች ሦስተኛው ደቂቃ ሳይሞላ ትዘጋውና እንደገና ትደውላለች። የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው።

ፍጥነቱን ለምትጠይቁ፣ ወደ ቤት የሚመጣው በሴኮንድ 1200 ቢት ነው። ከቤት የሚወጣው 75 ቢት ብቻ። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ሰው በጣቱ ሲጽፍ ከዚያ አይፈጥንም። እስክሪኑ 40 ፊደል በ24 መስመር ነው። በሴኮንድ 120 ፊደል ይመጣል ብላችሁ ብታስቡ ሙሉ ገጽ በስምንት ሴኮንድ ይሞላል። ሥዕሉም የሚሠራው በትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ነው።

ሳጥኗ ራሷ የምታስበው ነገር የለም። የምታሳይና የምትልክ ብቻ ናት። ርካሽ የሆነችው ለዚህ ነው። ሥራው ሁሉ ያለው ትራንስፓክ በሚባለው መረብና ከዚያ ጀርባ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ነው። የአገልግሎቱ ባለቤት ኮምፒውተሩን የትም ያስቀምጥ፣ ከሰሜን ጫፍ ብትደውል ከደቡብ ጫፍ ዋጋው አንድ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ዘመን እኛ ጋ አዲስ አበባ ለመደወል ስልክ ቤት ሄዶ ተመዝግቦ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ "አዲስ አበባ፣ ካቢን ሁለት!" እስኪባል መጠበቅ ነበር። ካቢኑ ውስጥ ገብተህ የምትጮኸው ጩኸት ደጅ ያለው ሰው ሁሉ የቤትህን ጉዳይ እንዲያውቅ ያደርጋል።

ሞጣ_2ጂ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥዎ። አማርኛ መጻፍ ይቻል ነበር እንዴ በሷ?

ጋሼ_ማዞሪያ (ባሕር ዳር)

አሜን ልጄ። አይቻልም ነበር። የተሠራችው ለላቲን ፊደል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ኪቦርዳቸው እንኳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ በተራ የተደረደረ ነበር። ታይፕ ለማያውቅ ሰው ይቀላል ብለው ነው። ታይፕ የሚያውቀው ተማረረ፣ ቀየሩት። በኋላ በመጣችው ሚኒቴል 2 ላይ ግን ከሩቅ የፊደል ቅርጽ መጫን ይቻል ነበር። የኛን ፊደል ከነእርባታው ለመክተት ትጠባለች እንጂ ለአንድ ገጽ የሚበቃውን ያህል መርጦ መላክ ይሞከር ነበር።

ዳንግላ_ኮድ

ክሩ ደስ ይላል። የጮቄ ልጅ ግን ነገሩን አሳምረኸዋል።

"ጎረምሳም ይሁን ትልቅ ድርጅት" ያልከው መጀመሪያ ላይ እንደዚያ አልነበረም። ጋዜጦቹ ማስታወቂያችን ሊቀማ ነው ብለው ጮኹ። መንግሥት እነሱን ለማባበል የ3615ን በር ለተመዘገበ የኅትመት ድርጅት ብቻ ፈቀደ። ሌላው ሰው ምን አደረገ? ለስም ያህል ትንሽ ጋዜጣ አቋቋመ! ማንም የማያነባት፣ ኮድ ለማግኘት ብቻ የምትታተም ጋዜጣ። የኛን ሰው ብልሃት እዚያም አገኘሁት።

ደግሞ በር ጠባቂው አንድ ነው። ስልክ ቤቱ ካልፈቀደ አገልግሎት የለም። ኢንተርኔት ላይ ማንንም ሳልጠይቅ ሰርቨር አቆማለሁ። አንዱ በር ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ይዘጋል። በ1985 ክረምት ትራንስፓክ ከጭነት ብዛት ወድቆ ነበር። የባንኩም የፋብሪካውም ሥራ አብሮ ቆመ፤ ሁሉም የሚያልፉት በዚያው መረብ ላይ ነበርና።

ቻቱን ደግሞ በአንድ ቃል አለፍከው። ለምን? አፍረህ ነው? 😄 "ሮዝ ሚኒቴል" የሚባለው የፍቅርና የብልግና ወሬ አይደል እንዴ ገንዘቡን ያመጣው? በየአውቶቡስ ፌርማታው 3615 እያለ የተለጠፈው ማስታወቂያ የባቡር ትኬት አልነበረም።

በመጨረሻም በ1997 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዦስፓን ራሱ በአደባባይ ሚኒቴል ለአዲሶቹ ቴክኖሎጂዎች እንቅፋት እየሆነ ነው አለ። ሰዉ ያለው ስለሚሠራለት ኢንተርኔት ለመግባት ዘገየ። ይሄንንም ጻፈው እንጂ።

የጮቄ_ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

አላፈርኩም፣ እናቴ ይሄን መድረክ ታነባለች 😂

የቻቱ አመጣጥ ግን ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ስትራስቡር ከተማ አንድ ጋዜጣ ግሬቴል የሚባል አገልግሎት ነበረው። ዜና፣ የከተማ መረጃ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ግራ የገባው ተጠቃሚ ከባለሙያው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገርበት ቀዳዳም ነበረው፤ ለእርዳታ ብቻ። አንድ ተጠቃሚ ያንን ቀዳዳ ጎርጉሮ ከሌሎች ተጠቃሚዎች ጋር ማውራት ጀመረ። ባለቤቶቹ ሲያዩት ሊዘጉት ይችሉ ነበር። አልዘጉትም። ለሁሉም ከፈቱት። ወዲያው ከዜናው ይልቅ ወሬው በለጠ። በ1986 ተማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲውን ሕግ ተቃውመው ሲወጡ በየከተማው የተገናኙት በሊቤራሲዮን ጋዜጣ ሚኒቴል በኩል ነው።

ስለዚህ በር ጠባቂው አንድ መሆኑ እውነት ነው። ግን በሩን ካለፍክ በኋላ ውስጥ የምትሠራው ያንተ ነው። ይዘቱን ስልክ ቤቱ አልጻፈውም። ኢንተርኔት ነጻ ነው ትላለህ፤ ዛሬ አፕህን ያለ ጉግልና ያለ አፕል ፈቃድ ስልክ ላይ ጫን እስኪ። የሚቆርጡብህን ድርሻም ንገረን።

ዳንግላ_ኮድ

እሺ፣ ይቺን ወሰድካት።

ፍኖተ_12ኛ (ፍኖተ ሰላም)

ሳጥን በነጻ ማደል የምትሉት ነገር አልተዋጠልኝም። ፕላዝማን ረሳችሁት?

በፈረንጅ 2004 ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ታደለ። ትምህርቱ በሳተላይት ከላይ ይወርዳል፣ በእንግሊዝኛ። ያኔ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይሄን አልክድም። እኔ የተማርኩበት ክፍል ግን የሆነው ምንድን ነው? የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል። እኛ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ሳንመልስ እሱ "ቬሪ ጉድ" ብሎ ያልፋል። ማንም ሳይመልስለት! ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። መምህራችን ጥግ ቆሞ ያያል። አቁም አይለው ነገር፣ አይሰማ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ምዕራፍ ሄደ ማለት ነው።

እና ነጻ ሳጥን አይተናል። መልስ የማይቀበል ሳጥን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ነው። ሚኒቴልን ያዳነው ነጻ መሆኑ ሳይሆን ጋሼ ያሉት 75 ቢት ይመስለኛል። ትንሽ ትሁን እንጂ ከቤት የምትወጣ መንገድ አለች።

ጋሼ_ማዞሪያ (ባሕር ዳር)

ይባርክህ ልጄ። እኔ ቁጥሩን ተናገርሁ፣ አንተ ነገሩን ተናገርኸው።

ብቸና_ማኛ

ሰላም ወንድሞቼ፣ ጋሼም እንደምን አሉ። የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ቀበሌ ላይ ነው የምሠራው። ክርክራችሁ ሁሉ ፈረንሳይ ቀረ። እኛ ጋ ያለውን ለምን አትጠቅሱም? ለገበሬ በስልክ ምክር የሚሰጠውን 8028ን!

በፈረንጅ 2014 ሲጀመር ስማርት ስልክ ያለው ገበሬ በስንት ቀበሌ አንድ ነበር። ያለው ባለ ባትሪዋ ኖኪያ ናት። 8028 የሚጠይቀው እሷን ብቻ ነው። በነጻ ይደወላል። በድምጽ ነው፤ ማንበብ አያስፈልግም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ። ስለ ጤፍ ከሆነ ይሄን ተጫን፣ ስለ ስንዴ ከሆነ ያን ተጫን እያለ ይወስድሃል። የስንዴ ዋግ ሲመጣ ማስጠንቀቂያም በስልክ ይላካል። የጮቄ ልጅ የሚኒቴል ምሥጢር ያላቸው ነገሮች እኮ እዚህ አሉ። አዲስ ዕቃ አልተገዛም። ምዝገባው ቀላል ነው። ገንዘብ አይቆረጥም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አባወራ ዘንድ ሄጄ አብረን ደወልን። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይይዛሉ። "አንድን ይጫኑ" ሲባል ከጆሯቸው አውርደው፣ አርቀው፣ ቁጥሯን ፈልገው ሲጫኑ ድምጹ ቀጥሎ ሄዷል። መልሰው ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ መሀሉ አምልጧቸዋል። ላውድ ላይ አድርጌ መሬት አስቀመጥሁት። ያን ጊዜ እሳቸው፣ ሚስታቸውና ጎረቤት ሆነው ከበው ሰሙ። ሲጨርስ አባወራው ምን አሉ? "እኔስ የምጠይቀው ነበረኝ።"

ገበሬ ጥያቄ አለው። ማሳው የሱ ነው፣ ቢጫ የሆነው ቅጠል የሱ ነው። ስለዚህ የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ያለው ልክ ነው፤ መውጫ መንገዱ መስፋት አለበት። ምክሩን የሚሰማ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ስለ ምክሩ የሚያወራበት ነገር ቢኖር እኔ ስብሰባ ጠርቼ ከማስተምረው ይበልጣል።

ዓባይ_በረሃ (ደጀን)

እቴ፣ አንቺ ያልሽው ገብቶኛል። ግን የዘር ምክር ሌላ፣ ዋጋ ሌላ። የብቸና ማኛ ጤፍ አዲስ አበባ ስንት እንደዋለ ደላላው በስልክ ያውቃል። ገበሬው ከደላላው ነው የሚሰማው። ምርት ገበያ በፈረንጅ 2008 ከተጀመረ ወዲህ ዋጋ በሰሌዳና በስልክ እየተነገረ ነው፣ እሰየው፣ ግን ጤፋችን የሚሸጠው በአብዛኛው እዚያ አይደለም። ዋጋ ለመናገር ደግሞ በየገበያው ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ለሱ ሰው ማን ይክፈለው?

በአየር ሰዓት ይቆረጥ እንዳትሉኝ ብቻ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላውቀው የሆነ አጭር ቁጥር ውስጥ ገብቼ የሞላሁት ካርድ ሁሉ በየቀኑ እየተሸረፈ አለቀ። በቀን አንድ ቀልድ ይልክልኛል። ቀልዱም አያስቅ!

የጮቄ_ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ፈረንሳይም በስልክ ሒሳብ ያበደ ወላጅ ብዙ ነበር። 3615 በሰዓት ወደ 60 ፍራንክ ነው፤ ልጅ ሌሊት ቻት ሲያደርግ ማደሩ በወሩ መጨረሻ ይታወቃል። ግን ዋጋው በቁጥር የተለየ ነበር። 3613 ከሆነ የሚከፍለው የአገልግሎቱ ባለቤት ነው። 3614 ከሆነ ደዋዩ የመስመሩን ዋጋ ይከፍላል፣ ባለቤቱ ምንም አይደርሰውም። 3615 ከሆነ ኪዮስክ ነው። ገና ሳትደውል ማን እንደሚከፍል ታውቃለህ።

ላንተ ጥያቄ፣ ለገበሬው ዋጋ መስማት በ3613 ዓይነት ነጻ ይሁን። ብዙ ገበያ በአንድ ጊዜ ማየት የሚፈልገው ነጋዴ በ3615 ዓይነት ይክፈል። ለገበያ ጠያቂው ልጅ ደሞዝ ከዚያ ይወጣል። ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ ስላለ ዛሬ የአየር ሰዓትም የግድ አይደለም፤ በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል።

ዓባይ_በረሃ (ደጀን)

ነጋዴው ይከፍላል? እስኪ እናያለን። ሐሳቧ ግን አትጠላም።

የቡሬ_ልጅ_ፓሪስ

እንዴት ናችሁ የአገር ልጆች። ጎጃሞች ስለ ሚኒቴል ሲጨቃጨቁ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

ሁለት ነገር ልጨምር። እዚህ አገር ሚኒቴልን መጨረሻ ላይ ከለቀቁት መካከል ገበሬዎች አሉበት። ብሪታኒ ያሉ ላም አርቢዎች ጥጃ ሲወለድ የሚያስመዘግቡት በሷ ነበር። ለምን ትቀይራለህ ሲሏቸው፣ ወዲያው ትነሳለች፣ ቫይረስ አይገባባትም፣ በእርጥብ እጅም ትነካለች ነበር መልሱ። እና የብቸናዋ እህታችን ያሉት ባለ ባትሪ ኖኪያ እዚህም ነበረች ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ዛቪዬ ኒየልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። "ፍሪ" የሚባለው የኢንተርኔትና የሞባይል ድርጅት መሥራች ነው። ከቢሊየነሮቹ አንዱ። የመጀመሪያ ገንዘቡን ያገኘው በሚኒቴል አገልግሎት ነው፣ ገና ጎረምሳ እያለ። ዳንግላ ኮድ የጠቀሰው ሮዝ ነገርም አለበት። ሚኒቴል ኢንተርኔትን አዘገየ የሚሉት እውነታቸውን ይሆናል፤ ግን በኦንላይን አገልግሎት ገንዘብ መሥራትን የተማረ ትውልድም ከዚያ ነው የወጣው። ቀጥለው የኢንተርኔት ድርጅት የከፈቱት እነዚሁ ናቸው።

ሳጥኖቹ ዛሬ በየእሁድ ገበያው በርካሽ ይገኛሉ። ጀርባቸው ላይ አምስት ቀዳዳ ያላት ክብ ሶኬት አለች። ልጆች በሷ በኩል አርዱዊኖ ከሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ጋር አያይዘው ይጫወቱባቸዋል። ትክክለኛው መስመር ቢሞትም ሳጥኗ አልሞተችም።

ዳንግላ_ኮድ

ቆይ ቆይ። አንዷን ገዝተህ ብትልክልኝ እዚህ ትሠራለች? ኤሌክትሪኩስ?

የቡሬ_ልጅ_ፓሪስ

ኤሌክትሪኩ ያው 220 ነው፣ ችግር የለም። ከኮምፒውተር ጋር ስታያይዛት 1200 ላይ አድርገው፣ 7 ቢት፣ ኢቭን ፓሪቲ። የሚከብደው ሻንጣው ነው። ወደዚህ ስመለስ በርበሬና ሽሮ ካላመጣህ አትምጣ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ወደ አገር ቤት ስሄድ ደግሞ ጫማ የሚያዙኝ ዘመዶች። ቦታ ከተረፈ ለመስቀል ይዤ እመጣለሁ።

ጋሼ_ማዞሪያ (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ ከመጣች ባሕር ዳር አምጡልኝ። ሁለት አሮጌ ሞደም ቤቴ አለ፣ በውስጥ መስመር እናስደውላታለን። ዳንግላ ኮድ፣ አንተ ከጀርባ ያለውን ኮምፒውተር ጻፍ። 40 ፊደል በ24 መስመር፣ ከዚያ እንዳታልፍ።

ዳንግላ_ኮድ

እሺ ጋሼ። የመጀመሪያው ገጽ የማክሰኞ ገበያ ዋጋ ይሁን። ዓባይ በረሃ፣ ቁጥሩን አንተ ታመጣለህ።

ዓባይ_በረሃ (ደጀን)

ይኸው! ለገበያ ጠያቂው ማን ይክፈለው ብዬ ስጠይቅ የነበረው እኔ አይደለሁም? እኔን አደረጋችሁኝ?